የዋሺንግተን ዲሲ ፐንክ ከየት ተነሣ? ምንስ ትቶ ሄደ?

ባለሸክላ (የውይይቱ ከፋች)፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። በዋሺንግተንና በዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች ስለ ከተማዋ ሙዚቃ ስንጫወት የምናነሣው ብዙውን ጊዜ ጃዙን፣ የከተማዋ ጥቁሮች የፈጠሩትን የዳንስ ሙዚቃ ጎ-ጎን እና የራሳችንን ባንዶች ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በዚህችው ከተማ የተወለደውና በብዙ አገር ያሉ ወጣቶችን ያነሣሣው ፐንክ፣ ማለትም ፈጣኑና ጩኸታሙ የሮክ ሙዚቃ፣ ግን እዚህ መድረክ ላይ ተነሥቶ አላየሁም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፤ ሌሎቻችሁም ጨምሩበት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኔ እምነት የዋሺንግተን ፐንክ ትልቁ ውለታ ያለው በአሠራሩ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ወይም ከዚያ በቅርቡ የወጡ ልጆች፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሸክላቸውን ራሳቸው አሳትመው፣ ዝግጅታቸውን ራሳቸው አዘጋጅተው፣ የመግቢያውን ዋጋም ራሳቸው ቆርጠው መሥራት እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ሙዚቃው ጆሯችሁን ባይስብ እንኳ ይህ ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል።

መነሻው ላይ የምናገኛቸው ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ከሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የመጡ አራት ጥቁር ወጣቶችን ነው። ኤች አር በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ ፖል ሃድሰን፣ ወንድሙና ድራመሩ ኧርል ሃድሰን፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው እና ቤዝ ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር መጀመሪያ ማይንድ ፓወር ተብለው ጃዝ ፊውዥን (ጃዝን ከሮክ የሚቀላቅል ስልት) ይጫወቱ ነበር። በ1977 ገደማ ፐንክ ሲደርሳቸው ስማቸውን ባድ ብሬይንስ አሉት። ብዙዎቹ የዘመኑ የፐንክ ባንዶች ጊታር መያዝን ገና በመማር ላይ ሳሉ፣ እነዚህ አራቱ ግን በአስቸጋሪው የጃዝ ፊውዥን ምት እጃቸውን ያፍታቱ ስለነበሩ፣ ዜማውን እስከዚያ ድረስ ባልተሰማ ፍጥነት ሳይዛነፉ መጫወት ቻሉ። ዛሬ ሃርድኮር የሚባለው ስልት መልክ የያዘው በእነሱ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1980 የወጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላቸውን የሰማ ሰው በአንድ ተኩል ደቂቃ ገደማ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደተከመረ ይገባዋል። ድራሙ የሚጋልበው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ነው፤ ጊታሩ ቆም ሲል ቤዙ አብሮ ይቆማል፣ ሲነሣም አብሮ ይነሣል።

በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ደብልዩ ጂ ቲ ቢ፣ የንግድ ጣቢያዎች የማይነኩትን ሙዚቃ ያሰማ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲው ሊለቀው ሲወስን በ1979 መጀመሪያ ላይ ክራምፕስ የተባለው ባንድ በዚያው ግቢ በሚገኘው ሆል ኦፍ ኔሽንስ አዳራሽ የድጋፍ ዝግጅት አቀረበ። ያን ምሽት አዳራሹን ከሞሉት ልጆች አንዱ ኢያን መካይ ነበር። እሱና ጓደኛው ጄፍ ኔልሰን ቲን አይድልስ በሚባል ባንድ ውስጥ ተጫወቱ፤ ባንዱ በ1980 መጨረሻ ሲበተን ከዝግጅቶቹ የተጠራቀመውን ገንዘብ ከመከፋፈል ይልቅ ሸክላ ሊያሳትሙበት ተስማሙ። ዲስኮርድ የተባለው ሙዚቃ ቤት የተመሠረተው በዚህ ገንዘብ ነው።

ቀረጻው የተካሄደው ዶን ዚየንታራ አርሊንግተን በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ሲሆን፣ የታተመው ሸክላ ብዛት 1,000 ነበር። ሽፋኑን ለመሥራት የእንግሊዝ ነጠላ ሸክላ ሽፋን ፈትተው ልኩን ወሰዱ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈውና በሙጫ አጣብቀው አዘጋጁት። እነዚያን ሽፋኖች በቅርብ ያየ ሰው አንዱ ከሌላው በጠርዙ ትንሽ እንደሚለይ ያስተውላል። እኔን የሚገርመኝ፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዱም ስለ ኅትመት ሥራ ሥልጠና ሳይኖረው ሥራው እስከ ዛሬ መዝለቁ ነው።

የአሥራ ስምንተኛው ጎዳና ነዋሪ፦

ባለሸክላ፣ ይህን ርዕስ ስለከፈቱልን እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ወደ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር የገባሁት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር።

ከተማዋን ሳይረዱ ሙዚቃውን መረዳት አይቻልም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ሁከት 14ኛው ጎዳና፣ ዩ ስትሪት፣ 7ኛው ጎዳናና ሌሎችም የንግድ መንገዶች ተቃጥለው ነበር፤ የሄደው ነጋዴም ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። መሀል ከተማው ቀን በመንግሥት ሠራተኛ ይጨናነቅና ማታ ጭር ይል ነበር። በዚህ ምክንያት ትርፍ የማያመጣ ሙዚቃ እንኳ የሚጫወትበት ርካሽ ቤት አላጣም። ናይን ተርቲ ክለብ በ1980 የተከፈተው በመሀል ከተማው 930 ኤፍ ስትሪት ላይ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ የተፈቀደለትም 199 ሰው ብቻ ነበር። ወደ መድረኩ የሚያስገባው ረጅም ኮሪደርና ተመልካቹን የሚጋርደው ምሰሶ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ የሚያወሳቸው ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ባድ ብሬይንስም ሆነ ቲን አይድልስ ይጫወቱበት ከነበሩት ቦታዎች ዋነኛው በእኛው በ18ኛው ጎዳና የነበረው ማዳምስ ኦርጋን ነው፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቀውን ቡና ቤት ሳይሆን፣ ሠዓሊዎች በኅብረት ይኖሩበት የነበረውን ቤት ማለቴ ነው። በተቀራራቢ ዓመታት በዚያው ጎዳና ላይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት መክፈት ጀምረው ነበር። ይህን ሳስብ አንድ ነገር አይለቀኝም። ኤች አርና ጓደኞቹ ቦብ ማርሌን በሜሪላንዱ ካፒታል ሴንተር ካዩ በኋላ ወደ ራስታፈሪያን እምነት አዘነበሉ፤ ጃንሆይን እያወደሱ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ከፍ አድርገው ይዘው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። በዚያው ጎዳና ምጣድ ያሞቁ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጃንሆይን ከዙፋን ካወረደው ደርግ የሸሹ ነበሩ። ለአንዱ ኢትዮጵያ የተስፋ ምድር ነበረች፤ ሌላው ከእስርና ከቀይ ሽብር አምልጦ የወጣባት አገር ነበረች። ሁለቱ በአንድ አስፋልት ላይ ሲተላለፉ ኖረዋል፤ የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዳይ በቂ ትኩረት አልሰጡትም ብዬ አምናለሁ።

በ1982 ካሴት ሆኖ የወጣውን የባድ ብሬይንስ የመጀመሪያ አልበም ያየ ሰው ሽፋኑን አይረሳውም። መብረቅ የካፒቶልን (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃን) ጉልላት ሲመታ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ቀለሞቹም እኛ በደንብ የምናውቃቸው ናቸው።

ታሪክ ወዳድ፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አነበብኩት። አንድ ተቃውሞ ግን አለኝ፤ በግልጽ ላስቀምጠው።

«ራሳቸው ሠሩት» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ያልተነገረ ነገር ይሸፍናል። ከባድ ብሬይንስ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ልጆች ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከጆርጅታውንና በዚያን ጊዜ ዊልሰን ይባል ከነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አካባቢ የመጡ ነጮች ነበሩ። ወላጆቻቸው የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ነበሩ። የሚለማመዱበት ምድር ቤት ያለው፣ ያልተሳካለት እንደሆነም የሚመለስበት ቤት ያለው ልጅ ትርፍን ቢንቅ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ንቀቱ ሁሉም ሰው የሚችለው አይደለም። በ1980 ከከተማዋ ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ጥቁር እንደነበረ አንርሳ። የአብዛኛው ወጣት ሙዚቃ ጎ-ጎ ነበር፤ የጎ-ጎው ሙዚቀኛ ቻክ ብራውን በ1979 በመላ አገሪቱ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ጎ-ጎ ይኖር የነበረው ትልልቅ አሳታሚዎችን ተማምኖ ሳይሆን፣ በየሳምንቱ በሚደረጉ ዝግጅቶችና ከመድረክ ተቀድተው ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጡ ካሴቶች ነበር። ስለዚህ ከአሳታሚ ውጭ መኖርን ዋሺንግተን የተማረችው ከፐንክ ብቻ ነው ከተባለ፣ ቀድሞ ያወቀውን ሰው እንበድለዋለን።

ባድ ብሬይንስም ቢሆኑ ከተማዋን ትተው ወደ ኒው ዮርክ ሄደዋል። በገዛ ከተማቸው የሚጫወቱበት ቦታ እየጠበበባቸው እንደመጣ በዘፈናቸው ሳይቀር ተናግረዋል። መነሻው ላይ ናቸው የምንላቸው ሰዎች ፍሬው ሲለቀም እዚያ አልነበሩም።

ባለሸክላ፦

ታሪክ ወዳድ፣ ስለ ጎ-ጎ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ልጆቹም ያውቁት ነበር ብዬ እጨምራለሁ። ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን ከቲን አይድልስ በኋላ የመሠረቱት ማይነር ትሬት የመጨረሻውን ዝግጅቱን ያቀረበው በሴፕቴምበር 1983 በላንስበርግ የባህል ማዕከል ሲሆን፣ በዚያው መድረክ ላይ የጎ-ጎው ትራብል ፈንክ ተጫውቷል። ሁለቱን ተመልካች በአንድ አዳራሽ ለማገናኘት ታስቦ የተደረገ ነበር። ከዚያም በፊት በ1979 ባድ ብሬይንስ በደቡብ ምሥራቅ ዋሺንግተን ቫሊ ግሪን በተባለ የመንግሥት መኖሪያ መንደር ዘረኝነትን የሚቃወም ዝግጅት ሲያቀርቡ፣ ነጮቹ ልጆች እግራቸው ረግጦት ወደማያውቅ ሰፈር ተከትለዋቸው ሄደዋል። ይህ ክፍፍሉን አላጠፋውም፤ እርስዎ እንዳሉት ግድግዳው ቆሞ ነበር። ሆኖም ከአንድም ሁለት ጊዜ ሊሻገሩት ሞክረዋል።

የወላጅ ቤት ስላላቸው ነው ባሉት ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። የተደላደለ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች በሌሎች ከተሞችም ነበሩ፤ ነገር ግን ከአራት አሥርተ ዓመታት በላይ በአንድ ዓይነት ሥርዓት የቆየ ሙዚቃ ቤት አላቋቋሙም። ዲስኮርድ የዋሺንግተንና የአካባቢዋን ባንዶች ብቻ ያሳትማል። ከባንዶቹ ጋር የሚሠራው ያለ ውል፣ በቃል ስምምነት ነው፤ ወጪው ከተሸፈነ በኋላ ትርፉን ይካፈላሉ። ነጋዴ በላዩ እንዳያተርፍበት በማለት የፖስታውን ጨምሮ ዋጋውን ሸክላው ሽፋን ላይ ያትሙት ነበር።

የዚህ አሠራር ጫፍ ላይ የደረሰው ፉጋዚ ነው። ኢያን መካይ፣ ጋይ ፒቺዮቶ፣ ጆ ላሊና ብሬንደን ካንቲ ያሉበት ይህ ባንድ በ1987 በዊልሰን ሴንተር አዳራሽ የመጀመሪያውን ዝግጅቱን ካቀረበ ጀምሮ እስከ 2002 ድረስ ከ1,000 በላይ ዝግጅቶችን አቅርቧል። የመግቢያው ዋጋ 5 ዶላር ገደማ እንዲሆንና ማንኛውም ዕድሜ ያለው ሰው እንዲገባ አዳራሹን ከመከራየታቸው በፊት ይደራደሩ ነበር። ካናቴራ አይሸጡም ነበር። በዋሺንግተን ከተማ ሲጫወቱ ገቢው ለበጎ አድራጎት ይውል፣ ወይም መግቢያው ነፃ ይሆን ነበር። ከተመልካቹ መካከል ሌላውን የሚመታ ሰው ሲገኝ ዜማውን አቁመው መጀመሪያ በትሕትና ይጠይቁት ነበር። እምቢ ካለ አስቀድሞ 5 ዶላር የተጨመረበት ፖስታ ሰጥተው ከአዳራሹ ይሸኙት ነበር። ገንዘቡን ሳይመልሱ አያስወጡም ነበር፤ ማንንም በድለው መድረክ ላይ መቆየት አልፈለጉም።

ቤዝ ተጫዋቿ፦

እኔ በሲልቨር ስፕሪንግ ያደግሁ፣ በወጣትነቴ በአንድ ትንሽ ባንድ ቤዝ የተጫወትኩ ሴት ነኝ። እስካሁን የተጻፈው መልካም ነው፤ ነገር ግን የወንዶች ታሪክ ሆኖ እንዳይቀር አንዳንድ ነገር ልናገር።

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜ ጉዳይ። በዋሺንግተን መጠጥ የሚሸጥ ቤት እንደ ምግብ ቤት ስለሚቆጠር በሕጉ መሠረት ዕድሜው ያልደረሰን ልጅ እንዳይገባ ማገድ አይችልም ነበር። ቲን አይድልስ በ1980 ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄዱ በሳን ፍራንሲስኮ ማቡሃይ ጋርደንስ በተባለው ክለብ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደረገባቸው። ሲመለሱ ይኸው አሠራር በናይን ተርቲ ክለብ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ እንዲህም ሆኖ ልጆች ሙዚቃውን እንዲሰሙ በሩ ተከፈተላቸው። የቲን አይድልስ ሸክላ ሽፋን ላይ የሚታየው ይኸው ምልክት ያለበት የተጣመረ ቡጢ ነው። ማይነር ትሬት በ1981 አንድ ደቂቃ በማይሞላ ዘፈን መጠጥም ሐሺሽም እንደማይፈልግ ከተናገረ በኋላ፣ ስትሬት ኤጅ የሚባለው አቋም ወደ ቦስተን፣ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተዛመተ። መካይ ራሱ ዘፈኑ የግል ሐሳቡን እንጂ ለሌላው ደንብ የሚያወጣ እንዳልነበረ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ነገር ግን በሌሎች ከተሞች የሚጠጣን ሰው እስከ መደብደብ የደረሱ ነበሩ። ይህ ለእኔ የዚህ ታሪክ አሳዛኝ ክፍል ነው።

በዋሺንግተንም ቢሆን ከ1983 በኋላ ዝግጅቶቹ የጉልበተኞች መድረክ እየሆኑ መጡ። ቁመትና ጡንቻ የሌለን ሰዎች ወደ መድረኩ መጠጋት ትተን ከግድግዳው ጋር መለጠፍ ጀመርን። በ1985 እንደ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግና ኤምብሬስ ያሉ ባንዶች ይህን ለመቀየር ቆርጠው ተነሡ፤ ያን ክረምት (ሰመር) የአብዮት ክረምት ብለው ሰየሙት። የዘፈኖቹ ግጥም ወደ ውስጥ መመልከት ጀመረ፤ መሸነፍንና ማልቀስን ያለ ሐፍረት ተናገረ። ዛሬ ኢሞ የሚባለው ስልት መነሻው ይህ ነው፤ ባንዶቹ ግን ስሙን ወድደውት አያውቁም። በዚያው ክረምት ወጣቶቹ ባልዲና ከበሮ ይዘው በማሳቹሴትስ አቬኑ በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ከበሮውንና ባልዲውን እየመቱ አፓርታይድን ተቃወሙ። ፖዚቲቭ ፎርስ የተባለው የወጣቶች ስብስብም በ1985 ተቋቁሞ የፉጋዚን ብዙ የበጎ አድራጎት ዝግጅቶች አደራጅቷል።

ሴቶቹ ከመጀመሪያው ነበሩ። ቾክ ሰርክል የተባለው ሙሉ የሴቶች ባንድ በ1981 ተመሥርቷል፤ ፋየር ፓርቲም በ1980ዎቹ አጋማሽ ተከትሏል። በ1991 ክረምት ደግሞ ከኦሊምፒያ ዋሺንግተን ስቴት የመጡት ቢኪኒ ኪልና ብራትሞባይል የተባሉት ባንዶች ወደ ከተማዋ ዘለቁ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ማውንት ፕሌዘንት ሰፈር አንድ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ በፖሊስ ከተተኮሰበት በኋላ ቁጣው ለቀናት አልበረደም ነበር። ሴቶቹም የራሳችን ዓመፅ ያስፈልገናል ብለው ራያት ገርል የሚባለውን እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ ስብሰባቸውን ያደርጉ የነበረው አርሊንግተን በሚገኘው የፖዚቲቭ ፎርስ ቤት ነው። እኔ በኋላ ባንድ ውስጥ ስገባ አዳራሹ ውስጥ «ሴቶች ወደ ፊት ኑ» መባሉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያን መብት ያስከበሩልኝ እነሱ ናቸው።

የኪቦርድ ተማሪ፦

የአሥራ ስምንተኛው ጎዳና ነዋሪ ስለ እኛ ሰዎች ያነሡት ነገር ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ የመጣው በ1981 ነው፤ ማይነር ትሬት የመጀመሪያ ሸክላውን ባሳተመበት ዓመት ማለት ነው። ከአባላቱ ጥቂቶቹ እዚሁ ዋሺንግተን ቀሩ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን የሠራውን ካሴት አወጣ፤ ለብዙ ዓመታትም በታክሲ ሹፌርነት ይተዳደር ነበር። ያም የአብዮት ክረምት የተባለው ዓመት ነው።

አምሃ እሸቴም በ1969 አዲስ አበባ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቤት ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ደፍሮ አሳተመ፣ በዚህም ዛሬ የምናዳምጠው ወርቃማ ዘመን ተቀርጾ ቀረ። ከአብዮቱ በኋላ እሱም በዚህችው ከተማ ኖሯል። የእኛ ሙዚቀኞችና የፐንክ ልጆቹ ዓለም የተለያየ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ወስዷል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አሳታሚ ሳይጠብቁ መሥራትን ከአዲስ አበባ ይዘው የመጡ ሰዎች ከዲስኮርድ ቤት ጥቂት ማይሎች ርቀው ይኖሩ እንደነበር ማወቁ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ የባዕድ እንዳይመስለን ያደርጋል።

እንግዳ ከፍራንክፈርት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ እዚህ ጀርመን ውስጥ በወጣቶች ማዕከል ስሠራ የፉጋዚን ስም ከሥራ ባልደረቦቼ እሰማ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን አሁን ነው የገባኝ። በቅርቡ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ዋሺንግተን እመጣለሁ። ምን ላዳምጥ? ከዚያ ዘመን ቆሞ የቀረ የማየው ቦታስ አለ?

ባለሸክላ፦

እንኳን ደህና መጡ። ከባድ ብሬይንስ የ1982ቱን ካሴት፣ ከማይነር ትሬት የ1981ን ሁለት አጫጭር ሸክላዎች፣ ከዚያም የራይትስ ኦፍ ስፕሪንግን የ1985 አልበም በቅደም ተከተል ያዳምጡ፤ ፉጋዚን በ1990 በወጣው ሪፒተር በተባለው አልበም ይጀምሩ። ወደ ሌላው ዓለም እንዴት እንደተሻገረ ማየት ከፈለጉ ደግሞ፣ ከቨርጂኒያው ቤይሊስ ክሮስሮድስ የተነሣው ስክሪም የተባለ ባንድ ድራመር የነበረው ዴቭ ግሮል በ1990 ታዋቂውን የሮክ ባንድ ኒርቫናን እንደተቀላቀለ ያስታውሱ።

ስለ ቦታዎቹ፣ የኤፍ ስትሪቱ ክለብ የለም። ናይን ተርቲ በ1996 ወደ 815 ቪ ስትሪት ተዛውሯል፤ በ9ኛውና በዩ ስትሪት ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ቅርብ ነው። አጠገቡ በ2023 የድሮውን ቤት መልክ ይዞ አትላንቲስ የሚባል አነስ ያለ ክለብ ተከፍቷል። ኢነር ኢር ከዚየንታራ መኖሪያ ቤት ወጥቶ ይሠራበት የነበረው ስቱዲዮ በ2021 ተዘግቷል፤ አርሊንግተን ካውንቲ ሕንፃውን ገዝቶታል። የከተማዋ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን በ2014 የፐንክ መዝገብ ከፍቶ በራሪ ወረቀቶችን፣ ፎቶግራፎችንና ካሴቶችን ያሰባስባል፤ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ጠይቀው ማየት ይችላሉ። በክረምት (በሰመር) ወራት የሚመጡ ከሆነም በቴንሊታውን ፎርት ሬኖ መናፈሻ የሚደረጉትን ነፃ ዝግጅቶች አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፉጋዚም እዚያ ሣር ላይ ደጋግመው ተጫውተዋል።